ግድግዳው ሥር የወደቁት ትንኞች

እኔ በረጨሁት ግድግዳ ላይ ያረፈች ትንኝ ለመናዘዝ እንኳ ጊዜ አታገኝም ነበር። አሶሳ ውስጥ የወባ ርጭት ቡድን መሪ በነበርኩበት ዘመን፣ መምጣቴን የሰሙ ትንኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ያጋነንኩት ጓዙን ብቻ ነው። ይህንኑ ለሚስቴ እየነገርኳት ሳለ አንዲት ትንኝ መጥታ ክንዴ ላይ አረፈች። እንደ ወባ ትንኝ ወግ ቂጧን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ያለ ምንም ይሉኝታ መጠጣት ጀመረች። ሚስቴ አየቻት። እኔም አየኋት።

«ይቺ እንግዳ ናት» አልኩ። «ገና መግባቷ ነው፤ ግድግዳዬን አልነካችም።»

ሚስቴ ሳቀች። የሳቀችው ግን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

ክልሉ ያኔ ገና እግሩን መትከሉ ነው። ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የሚደርስበት፣ ሦስት ኃላፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ክርናቸው የሚጋጭበት ጊዜ ነበር። ከየአገሩ ተመድበን የመጣን ሠራተኞች ቤት ፍለጋ ስንዞር ከወፍ ጎጆ በቀር ያላንኳኳነው በር አልነበረም። እኔና ሚስቴ ዕድላችን ቀናና አንዲት የበርታ እናት ከቤታቸው ጋር የተያያዘች ክፍል አከራዩን። ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ሣር ነው። አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ «ሐቡባ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ባይወልዱኝም እንደወለዱኝ ይቆጡኝ ነበር። አማርኛቸው ወንድና ሴትን አይለይም፤ ለሳቸው ሚስቴም «እሱ»፣ ዶሮዋም «እሱ»፣ እኔም «እሱ» ነን። ከሦስታችን የበለጠ የሚያከብሩት ማንን እንደሆነ ለመናገር ይከብደኛል፤ ዶሮዋ ግን እንቁላል ትጥል ነበር።

ሚስቴን ያመጣኋት ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንኝን በስም እንጂ በአካል የማታውቅ የደጋ ልጅ ነበረች፤ እርግዝናውም የመጀመሪያዋ ነው። እንግዲህ የወባ ሠራተኛ መሆን ክፉነቱ ይህ ነው፤ ሌላው ባል የማያውቀውን ታውቃለህ። ለወባ ባዳ የሆነ የደጋ ደም እንዴት ቶሎ እንደሚረታ አውቃለሁ። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ በሽታው እናትና ልጁን አንድ ላይ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት የጎረቤታችን መምህር ሚስት በትኩሳት ወደቀች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሳይወለድ ቀረ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ለሕፃኑ ያሠራውን አልጋ ከውጭ አውጥቶ መጽሐፍ ሲያሰጣበት አይቻለሁ። ዝናብ ያበሰበሰው መጽሐፍ ነበር። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

ሰኔ ላይ ሚስቴ «ክረምቱ ሳይበረታ እናቴ ጋ ሄጄ ልውለድ» አለችኝ።

መልካም ሐሳብ ነበር። ማንም ጤነኛ ባል እሺ ይል ነበር። እኔ ግን የርጭት ቡድን መሪ ነኝ። በየቀበሌው እየዞርኩ «መድኃኒታችንን አምናችሁ በራችሁን ክፈቱ» እያልኩ የራሴ ሚስት ወባ ፈርታ ብትሸሽ፣ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ሚስቱን ዳቦ እንድትገዛ ሌላ ሰፈር ላካት ማለት አይደለም?

«እናትሽ ቤት ያለው ብርድ ብቻ ነው» አልኳት። «እኔ ዘንድ ዲዲቲ አለ። ይህንን ቤት በገዛ እጄ ነው የምረጨው። ትንኝ በፈቃድ ትገባለች፣ በቃሬዛ ትወጣለች።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደ ስሜ!»

እሷም ቀረች። ካመነችኝ በኋላ ነበር ፍርሃቱ የጀመረኝ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ዕቃውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣንና ፓምፑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ረጨሁ። አንድ ቤት የሚረጨውን ያህል ብቻ ረጨሁ ብል ውሸት ነው፤ የቤተ መንግሥት ድርሻ ያህል ረጨሁ። የኛን ጨርሼ የሐቡባን ቀጠልኩ። ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ቀረ፤ ሽታውም የሰንበሌጡን ጣሪያ አልፎ መንገድ ድረስ ወጣ። ሐቡባ ደጃፍ ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ያያሉ።

«አንተ ወባ ሰው» አሉኝ። «ይሄ መድኃኒት ዱሮ ትኋን ይገድላል። አሁን ትኋን ይበላዋል፤ ይወፍራል።»

«ሐቡባ፣ እኔ የመጣሁት ለትንኝ ነው። የትኋን ጉዳይ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሆናል» አልኩ፤ ቡድኔም ሳቀልኝ።

ከዚያ ዋናውን ነገር ለመንኳቸው። በዚያ አገር በዓል ሲመጣ ሴቶች የውስጥ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ ይለቀልቁታል። ጭቃው በጭድና በእበት ታሽቶ፣ በእጅ ተልጎ፣ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። መድኃኒቱ ከጭቃው በታች ከተቀበረ ግን ትንኟ አዲሱ ጭቃ ላይ አርፋ ነው የምታድረው። እኛ የወባ ሠራተኞች ደግሞ ወባ በጨመረ ቁጥር የምንመልሳት አንዲት መልስ ነበረችን፤ «ለቅልቀውታል!» እንላለን። ያን ዓመት መውሊድ ከርጭቱ ብዙም ሳይርቅ ነበር የሚውለው።

«ሐቡባ፣ ለመውሊድ ግድግዳውን አይለቅልቁት።»

«እንግዳ ከቶንጎ ይመጣል። ከባምባሲ ይመጣል። ይሄ ግድግዳ ያየ ሰው ምን ይላል? ዶሮ ነው የቀባው ይላል!»

«ለሷ ሲሉ» ብዬ ሚስቴን አሳየኋቸው። የኛና የሐቡባ ቤት የሚጋራው ያንን ግድግዳ ነው።

ሐቡባ ሚስቴን አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ለሱ ሆድ ብዬ ነው። ላንተ ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ አልነካም።»

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ፣ ግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ትንኞች ወድቀው አገኘሁ። ተንበርክኬ አየኋቸው፤ የወባ ትንኞች ናቸው፣ ሞተዋል። ሚስቴ ቀድማኝ ተነሥታ ቁርስ ትሠራለች።

«አየህ?» አለችኝ። «ሠራልህ!»

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! የሞቱትን በክብሪት ቀፎ ሰብስቤ ቢሮ ወሰድኳቸው። ለቡድኔ አሳየሁ፣ ለኃላፊው አሳየሁ፣ ደብዳቤ ሊያደርስ ለመጣ ሰው ሳይቀር አሳየሁ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አገኛቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ብዙ፣ አንዳንድ ቀን ጥቂት፤ ሁልጊዜ ግን እዚያው ግድግዳው ሥር። አልጋዬን ከመልቀቄ በፊት አንገቴን አስግጌ ወለሉን አያለሁ። ካሉ፣ ቀኔ ይቀናል። እንዳጋጣሚ የዘገዩ እንደሆነ ቁርሴን ሳልነካ እወጣለሁ። ማታ ማታ ጆሮዬ ሥር ያቺ ቀጭን ጩኸት ስትመጣ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። «ክንድሽን ልሸብሽ» ብዬ የሚስቴን ክንድ እያሸሁ የተነከሰ ቦታ እፈልጋለሁ። ግንባሯን ስስም ትኩሳቷን መለካቴ ነበር። እሷም የምታውቅብኝ አይመስለኝም ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ባምባሲ አካባቢ ወደ አንድ የሠፋሪዎች መንደር ሄድን፤ ርጭት ባደረግንበት መንደር ትኩሳት በዝቷል ተብሎ ነው። ከወሎ በደርግ ጊዜ የመጡ ናቸው። አንዲት እናት ቤት ስገባ መደቡ ላይ ልጇ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ልጁን ሳይሆን ግድግዳውን ነው ያየሁት።

«ለቅልቀሽዋል» አልኳት።

«ኧረ እኔ አልለቀለቅሁም፤ ምነው ወንድሜ? ያው የረጨኸው አይደል የሚታይህ?»

እውነትም ነጩ ነጠብጣብ ይታያል። «በሥሡ ለቅልቀሽ ይሆናል» አልኩ።

ሳቅ ሲያመልጣት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በሥሡ! ወንድማለም፣ ትንኙ እኮ ግድግዳው ላይ አርፎ አድሮ፣ ጠዋት እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ነው የሚወጣው። ባይሆን አንድ ቀን እዚህ እደርና ስንብቱን ስማው።»

ቡድኔ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመኪናው እስክንመለስ ድረስ ስለ ልጁ አላሰብኩም፤ እዋሻችኋለሁ እንዴ፣ ያሰብኩት ስለ ሚስቴ ነው። ከዚያ ደግሞ ያን የክብሪት ቀፎ አሰብኩና ተጽናናሁ። «የኔ ግድግዳ ይገድላል። ማስረጃ አለኝ።»

መውሊድ ደረሰ። የሐቡባ እንግዶች ከቶንጎ መጡ፣ ከባምባሲ መጡ። ሰፈሩ ውስጥ ግድግዳው ያልተለቀለቀ ቤት የሳቸው ብቻ ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ እንግዶቹ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ቋንቋቸውን አጥርቼ ባልሰማም ስለ ዶሮ እንደሚያወሩ ግን ይገባኛል። ሐቡባ ቡና ይቀዱላቸዋል። ሲመሽ ለሚስቴ ሥጋና ገንፎ ይዘውላት መጡ። ለኔ አላመጡም።

መስከረም ገብቶ በየጉድጓዱ ያለው ውሃ ሲረጋ ትኩሳቱ በየቦታው ተነሣ። ያኔ አንድ ባልደረባዬ፣ ሥራው የትንኝን ጠባይ ማጥናት የሆነ፣ ግድግዳዎችን ሊፈትሽ መጣ። ቀልድ አያውቅም፤ ለትንኞቹ እንጂ ለሰው ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ያልተለቀለቀ ግድግዳ የት አገኛለሁ?» አለኝ።

«ከአሶሳ እስከ ካርቱም ብትሄድ ከኔ ቤት የተሻለ አታገኝም!»

ይዞት የመጣው አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ቆብ ነው። ቆቡን ግድግዳው ላይ በምስማር ያጣብቅና በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ትንኞች በቱቦ ይነፋበታል። ትንኞቹ መድኃኒቱ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ ወደ ወረቀት ኩባያ ያዛውራቸውና ይኖሩ ይሞቱ እንደሆነ በማግስቱ ያያል። ሚስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ ሐቡባም በሩ ላይ ቆመዋል።

«ከየት አመጣሃቸው?» አልኩት ትንኞቹን።

«ከጓሮህ። ጭቃ የሚቆፈርበት ጉድጓድ አለ አይደል? እጫቸውን ከዚያ ቀድቼ ነው ያሳደግኋቸው።»

ሐቡባ ሳቁ። «የራሱ ልጆች ናቸዋ!»

ትንኞቹ ቆቡ ውስጥ ግድግዳው ላይ አረፉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አፈጥጣለሁ። አንዷ እግሯን አነሣች፤ «ይኸው፣ ያዛት» አልኩ። እግሯን ጠረገችና መልሳ አስቀመጠችው። ሁሉም ወደ ኩባያው ሲዛወሩ ክንፋቸው እንደ አዲስ ይርገበገብ ነበር።

«ክረምት ነው፣ እርጥበት ይሆናል» አልኩ። «ወይ ሌሊት ተነሥቶ የለቀለቀ ሰው አለ።»

ሐቡባ ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ብቻ ተመለከቱኝ። የመውሊዱን ቀን ዳግም ያየሁት በዚያ አስተያየት ውስጥ ነው።

ባልደረባዬ ሌላ ቱቦ አወጣ፤ ውስጡ በዲዲቲ የተነከረ፣ ገና ከማሸጊያው የወጣ ወረቀት አለበት። «እሺ፣ ግድግዳውን እንተወው» አለና ሌሎቹን ትንኞች እዚያ ውስጥ አስገባ። «ይህን ማንም አልለቀለቀውም።»

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሁለቱም በኩል የሞቱት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ኩባያው አፍ ላይ በተጣለው የስኳር ውሃ ጥጥ ላይ ሰፍረው፣ እንደ መውሊድ እንግዳ ይጠጣሉ።

«ግድግዳው ጥፋት የለበትም» አለኝ። «መድኃኒቱም፣ አንተም። ትንኞቹ ለምደውታል። በየዓመቱ ያንኑ አንድ መድኃኒት ረጨን። ሲረጭ ያልሞተችው ናት የምትወልደው፤ ልጆቿም እንደሷ አይሞቱም። ደካሞቹን እየገደልን ጠንካሮቹን ስናረባ ኖርን።»

«ወለሉ ላይ የሚወድቁትስ?» ብዬ የክብሪቱን ቀፎ ዘረጋሁለት። «እነዚህን ምን ገደላቸው?»

አንዷን በመርፌ ገልብጦ አየና «እኔ እንጃ» አለ። «ይህቺ ተጨፍልቃለች።»

እሱ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ሚስቴና እኔ ብቻ ቀረን። እንዴት እንደምጀምር ሳላውቅ ግድግዳውን በጣቴ እያሸሁ ቆምኩ።

«ስሚ» አልኩ። «ያ ግድግዳ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እኔ ነኝ የምገድላቸው።» ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማዋን አወጣችና አሳየችኝ። ሶሉ ላይ የደረቀ ደም ነጠብጣብ ነበረበት። «ጎህ ሲቀድ ጠጥተው ስለሚከብዱ ግድግዳው ላይ ቁጭ ይላሉ። በሱ እላቸዋለሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ አደርጋቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ማታ ማታ እንቅልፍ አጥተህ ስትገላበጥ እሰማሃለሁ። ጠዋት ስታያቸው ፊትህ ይፈታል። ምግብም ትበላለህ።» ጫማዋን መልሳ አልጋው ሥር ከተተች። «ክንዴን የምታሸኝም ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

የክልሉ ምርጥ ፀረ ትንኝ መሣሪያ የሴት ነጠላ ጫማ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቀልድ አንድ ወር እኖርበት ነበር። ያን ቀን ግን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ፍርሃቴን ልደብቃት ስሞክር፣ እሷ ደግሞ ፍርሃቴን ስታባብልልኝ፣ ሁለታችንም ትንኞቹን ለብቻቸው ትተናቸው ከርመናል።

«እናትሽ ጋ ልውሰድሽ» አልኩ።

«አሁን?» ብላ ሆዷን አየች። የጤና ረዳቱንም ጠየቅሁት፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና እየተቀበረ ነው፣ «ሲያንገጫግጫት ገና መንገድ ላይ፣ መንዲ ስትደርስ ትወልዳለች፤ አዋላጁም ሹፌሩ ይሆናል» አለኝ። ሰኔ ላይ እሺ ብል ኖሮ ይህን ጊዜ ደጋ ላይ ብርድ ብቻ እየነከሳት በተቀመጠች ነበር።

ሐቡባ ዘንድ ሄድኩ። «ሐቡባ፣ ግድግዳውን ቢፈልጉ ይለቅልቁት። መድኃኒቱ አይሠራም።»

«መውሊድ ሄደ!» አሉኝ። «እንግዳ መጣ፣ ሳቀ፣ ሄደ። አሁን ለቅልቅ ትላለህ?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እሱ ደህና ነው?»

«ደህና ናት። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።»

«አንተ ዱሮም!» አሉና ሳጥናቸውን ከፈቱ። ሱዳን ደርሶ የመጣ ስስ ቶብ አወጡ፤ ለበዓል የሚለብሱት፣ ረጅም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። ያኔ የአልጋ አጎበር በስም እንጂ በገበያ አይገኝም። እሳቸውና ሚስቴ ቶቡን በአልጋው ላይ ከቀርከሃ ጋር አያይዘው፣ ዳሩን ከፍራሹ ሥር ሸጎጡት። ለአንድ ሰውና ለአንድ ሆድ በቃ፤ ለኔ አልተረፈም።

ከቅዳሜ ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። የጓሮውን ጉድጓድ ጭቃ አውጥተው የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈኑ፤ ትንኝም ትኋንም የሚደበቀው እዚያ ነበር። እኔን ደግሞ ጉድጓዱን በአፈርና በድንጋይ እንድሞላው አዘዙኝ። አፈር ተሸክሜ ባለፍኩ ቁጥር አንዷ «ለቅልቀሽዋል!» ብላ በኔ ድምፅ ትጮሃለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ባምባሲ እንዲህ ያልኳትን ሴት አሰብኩ። በሳምንቱ ሄጄ «አልለቀለቅሽም፤ እውነትሽን ነው» አልኳት። ልጇ ድኖ በጓሮ ይሮጣል። «እኔማ ነግሬህ ነበር» አለችኝ፤ አተር ሰጥታ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ «ትኩሳት ሲጀምር ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ» እያልኩ እዞር ጀመር። ባልደረባዬም ለበላይ አመለከተ፤ ሌላ መድኃኒት እስኪመጣ ግን እኛ ያንኑ ዲዲቲ ይዘን ነው የቆየነው። ፓምፑን ስሸከም እንደ ዱሮው አልፎክርም፤ ትከሻዬ ላይ ከብዶኝ ነበር።

የመውለጃዋ ቀን እየቀረበ ሲሄድ በየማታው ሚስቴ ቶቡ ሥር ትገባለች። እኔ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ፤ ዳሩ መሸጎጡን በእጄ ሳልዳስስ አልተኛም። «አንተስ?» ትለኛለች ከውስጥ። «እኔን ትንኝ አይደፍረኝም፤ ያውቁኛል» እላታለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አፌም አላመነው።

ኅዳር ላይ አውቀውኝ ኖሮ ደፈሩኝ። ጠዋት ብርዱ ጀመረኝ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥርሴ ከመንጋጋዬ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። የቡድኔ ልጆች ከአልጋው ሳይሆን ከወለሉ አንሥተው በቃሬዛ አወጡኝ፤ ሐቡባ ከኋላ፣ ሚስቴ ሆዷን ደግፋ ከኋላቸው። ትንኝ በቃሬዛ ትወጣለች ብዬ በተናገርኩበት በር ነው የወጣሁት።

በዚያው ሳምንት፣ እኔ ጤና ጣቢያው በአንደኛው ክፍል ተኝቼ፣ ሚስቴ በሌላኛው ክፍል ሴት ልጅ ወለደች። ደማቸው ተመረመረ፤ ሁለቱም ወባ የለባቸውም። አዋላጇ ስለ ሚስቴ ስታወራ «ጥርሷን ነክሳ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጮህ ወለደች» አለች። እናቷ ዘንድ እንዳትሄድ የከለከልኳት ሴት እናቷን አልጠራችም። ጤና ጣቢያውን ሲያናውጥ የዋለው «እማዬ! እማዬ ድረሽልኝ!» የሚለው ጩኸት የኔ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።